ከቤታችን ጀርባ 72 ታውንሃውስ ሊሠራ ነው፤ መቃወም የሚቻለው መቼና በምን ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ከቤታችን ጀርባ ያለው 9 ኤከር ገደማ ደን ከ«አር-1» ወደ «ፒዲኤች-8» ዞን ይቀየርልኝ ብሎ አንድ የቤት ገንቢ ለካውንቲው አመልክቷል። 72 ታውንሃውስ ነው የሚሠራው ተብሏል። ለጎረቤቴ ደብዳቤ ደርሶታል፣ ለእኔ ግን አልደረሰኝም። ከሰፈሩ 140 ፊርማ አሰባስበናል። ማስቆም እንችላለን? ተቃውመን ብንናገርስ ገንቢው ሊከሰን ይችላል?

መልስ፦ ማመልከቻው ሙሉ በሙሉ ይወድቃል ብላችሁ ተስፋ ልታደርጉ የምትችሉት የካውንቲው አጠቃላይ ፕላን ከእናንተ ጎን ከሆነ ነው። ካልሆነ ትግሉ ያለው «ምን ተጽፎ ይፀድቃል?» የሚለው ላይ ነው። ስለዚህ ከፊርማው በፊት ኮምፕሪሄንሲቭ ፕላን የሚባለውን ሰነድ ከካውንቲው ድረ ገጽ አውጡና ለዚያ መሬት በኤከር ስንት ቤት እንደሚመክር አንብቡ። «ከ1 እስከ 2» ካለ ጠንካራ መከራከሪያ አላችሁ፤ ገንቢው ፕላኑንም ጭምር ማስቀየር ይኖርበታል። «ከ5 እስከ 8» ካለ ግን ካውንቲው ከዓመታት በፊት የወሰነውን ነው የምትቃወሙት፣ በሩ ጠባብ ነው።

ቁጥሩን ራሳችሁ ሥሩት። «አር-1» በኤከር አንድ ቤት፣ «ፒዲኤች-8» ደግሞ በኤከር እስከ 8 ቤት የሚፈቅድ ዞን ነው፤ ዞኑ ሳይቀየር 9 ቤት ገደማ ይሠራበታል ማለት ነው። የትራፊክ መሐንዲሶች ለአንድ ታውንሃውስ በቀን 7፣ ለብቻው ለቆመ ቤት ደግሞ ከ9 በላይ የመኪና ጉዞ ይይዛሉ፤ መውጣትም መግባትም ለየብቻ ይቆጠራል። 9ኙ ቤት 85 ያህል፣ 72ቱ ደግሞ 500 ገደማ ጉዞ ያመጣሉ። እንዲህ ያለ ስሌት የያዘ አንድ ገጽ ከ140 ፊርማ የበለጠ ይሠራል። የፊርማ ብዛት ብቻውን ገንቢውን የሚያስርበት ሕግ የለም። ፊርማውን ግን አትጣሉት፤ የፈራሚዎቹን ቤት ካርታ ላይ ምልክት አድርጋችሁ ከደብዳቤ ጋር አያይዙት።

ሂደቱ እንዲህ ነው። የካውንቲው ባለሙያዎች ማመልከቻውን መርምረው ስታፍ ሪፖርት የሚባለውን የግምገማ ጽሑፍ ያወጣሉ፣ ፕላኒንግ ኮሚሽን ሕዝቡን ሰምቶ የውሳኔ ሐሳብ ያቀርባል፣ ከዚያ 10 አባላት ያሉት የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ፣ ማለትም የካውንቲው ምክር ቤት፣ በድምፅ ይወስናል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለመጨረሻው ማታ መዘጋጀቱ ላይ ነው። ያን ማታ ለአንድ ተናጋሪ የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ 3 ደቂቃ ነው፣ ዋናው ድርድርም አልቋል። ሌሎቹ ሱፐርቫይዘሮች አብዛኛውን ጊዜ መሬቱ ያለበትን ዲስትሪክት ሱፐርቫይዘር አቋም ይከተላሉ። ስለዚህ ስታፍ ሪፖርቱ ሳይወጣ ጉዳዩን ለያዘው ባለሙያ ጻፉ፣ የዲስትሪክታችሁን ሱፐርቫይዘርና የፕላኒንግ ኮሚሽን አባል ቀጠሮ ይዛችሁ አነጋግሩ። የሰፈሩ ኤች.ኦ.ኤ. (የቤት ባለቤቶች ማኅበር) አቋም ካለው በማኅበሩ ቦርድ ድምፅ ተወስኖ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ሊቀመንበሩ ከራሱ አንስቶ «ሁላችንም» ቢል የገንቢው ጠበቃ ያንኑ ይዞ ይጥለዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ «ፕሮፈር»። ፕሮፈር ገንቢው በጽሑፍ አቅርቦ የሚፈርመው ግዴታ ነው፤ ከፀደቀ ከመሬቱ ጋር ስለሚሄድ ገንቢው ነገ ለሌላ ቢሸጠውም ገዢውን ያስረዋል። በስብሰባ ላይ የሚያሳዩዋችሁ ባለቀለም ሥዕል ግን በፕሮፈሩ ውስጥ ካልተጠቀሰ ማንንም አያስገድድም። ቃላቱን አንድ በአንድ አንብቡ። «በተቻለ መጠን ዛፎችን ለመጠበቅ ይጥራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንም አልሰጣችሁም። «ከደቡቡ ድንበር 35 ጫማ ስፋት ያለው መሬት ዛፉ እንዳለ ይቆያል፣ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊትም በአጥር ይከለላል» የሚል ግን የካውንቲ ተቆጣጣሪ በሜትር ሊለካው ይችላል።

ከሚረሱት አንዱ ጋራዥ ነው። ጋራዡ የዕቃ ማከማቻ ሲሆን መኪናው እናንተ መንገድ ላይ ይቆማል። «ጋራዥ ለመኪና ማቆሚያ ብቻ ይውላል፣ ይህም በቤቶቹ የባለቤትነት ሰነድ ላይ ይመዘገባል» የሚለውን ጠይቁ፤ ፌርፋክስ ውስጥ የተለመደ ነው። ውሃውንም እንዲሁ፦ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከዚያ ተዳፋት ወደ ግቢያችሁ ወይም ወደ ቤዝመንታችሁ የሚወርደውን ቀኑን ጠቅሳችሁ ፎቶ አንሱ፣ የጎርፉ መውጫ የት እንደሆነም ጠይቁ። ገንቢው ሰነዱን በመጨረሻው ሳምንት ቀይሮ ቢያመጣ፣ አንብበን አልጨረስንም ብላችሁ ቀጠሮ እንዲሰጥ ጠይቁ። እነዚህን ሁሉ ለኋላ አታቆዩ፤ ዞኑ ከተቀየረ በኋላ የሚመጣው ሳይት ፕላን (የግንባታው ዝርዝር ንድፍ) የመሐንዲስ ሥራ ነው፣ ደንቡን ካሟላ መሥሪያ ቤቱ አልቀበልም ማለት አይችልም።

ስለ ደብዳቤው፦ የቨርጂኒያ ሕግ ቢያንስ ከ5 ቀን በፊት በጽሑፍ እንዲነገራቸው የሚያዘው መሬታቸው ከቦታው ጋር ለሚዋሰን ወይም በመንገድ ማዶ ፊት ለፊት ላሉ ባለቤቶች ነው። ድንበርተኛ ሆነው ካልደረሰዎ ባለሙያው ዛሬውኑ በኢሜይል ይወቀው። አንድ ወጥመድ አለ፦ ስብሰባው መኖሩን አውቀው ከተገኙ ወይም ከተሳተፉ «ደብዳቤ አልደረሰኝም» ብለው በኋላ ውሳኔውን ማስፈረስ አይችሉም። እንዲህም ሆኖ ምክሬ መገኘቱ ነው።

ስትናገሩ «ተከራይ ይበዛል»፣ «ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ይመጣል» የሚል ነገር ከአፋችሁ አይውጣ። እኛ ራሳችን ስንት ዓመት በተከራየንበት አገር ነውር መሆኑ ይቅርና፣ ከእ.ኤ.አ. 2020 ወዲህ የቨርጂኒያ የቤት መብት ሕግ የአካባቢ መንግሥት በመሬት ውሳኔው ገቢያቸው ከአካባቢው መካከለኛ ገቢ ከ80 በመቶ ላልበለጠ ቤተሰቦች የሚሆኑ ቤቶች ስላሉበት ብቻ አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። እንዲህ ያለ ንግግር የሚጠቅመው ገንቢውን ነው።

ክሱን በተመለከተ፣ በሕዝብ ስብሰባ ላይ ለቦርዱ ለምትናገሩት የቨርጂኒያ ሕግ ከስም ማጥፋት ክስ ይጠብቃችኋል። ጥበቃው የማይሠራው ሐሰት መሆኑን እያወቃችሁ ወይም እውነትነቱ ሳይገዳችሁ ከተናገራችሁ ነው። ስለዚህ ስለ ገንቢው ሰው ሳይሆን ስለ ፕላኑ ተናገሩ።

ቦርዱ ካፀደቀ ክስ የሚቀርበው ለሰርኪዩት ፍርድ ቤት ነው፤ ጊዜው ከውሳኔው ቀን ጀምሮ 30 ቀን ብቻ ነው። ለመክሰስ በቅርብ ርቀት የያዛችሁት ወይም የምትኖሩበት ቤት መኖሩ አይበቃም፤ ከሌላው ሕዝብ የተለየ ጉዳት እንደሚደርስባችሁ ማሳየት አለባችሁ፣ የቤዝመንቱ ፎቶ እዚህም ያገለግላል። ዳኛው ደግሞ የቦርዱ ውሳኔ ሁለት ምክንያታዊ ሰዎች ሊከራከሩበት የሚችል ሆኖ ካገኘው አይነካውም፤ ብዙው ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። እከሳለሁ የሚል ሰፈር የመዝገቡን ቅጂና የጠበቃውን ክፍያ ከድምፁ ማታ በፊት ያዘጋጅ፤ 30ው ቀን ሰው ሲሰበሰብና ገንዘብ ሲዋጣ ያልቃል።