የተቆረጠ ፓፓያ ለምን ይመራል፣ ለምን ውሃ ያቁራል?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ላይ ፓፓያና ማንጎ ቆርጠን አሽገን ለሱፐርማርኬት እናስረክባለን። እንዳይለሰልስ ካልሲየም ክሎራይድ ውስጥ 20 ደቂቃ እንዘፈዝፈዋለን። ፓፓያው ይመራል፣ በማግስቱም ውሃ ያቁራል። ከሥሩ ሶፍት አንጥፉ ተብለን አንጥፈናል። ቫይታሚኑስ ይጠፋል?

መልስ፦ እንደምገምተው ፓፓያው ከመቆረጡ በፊት አልፎበታል፤ 20 ደቂቃውም ያንን ለማካካስ የመጣ ነው። ምሬቱ የክሎራይዱ ነው።

ከሁሉ በፊት ከረጢቱን ይመልከቱ። «ለምግብ» የሚል ጽሑፍ ከሌለው ዱቄቱን አይጠቀሙበት። ለኢንዱስትሪ የሚሸጠው ክሎራይድም ሆነ ማንጎ ለማብሰል የሚሸጠው ካርባይድ «ካልሲየም» እየተባለ ይጠራል። ካርባይድ ውሃ ሲነካው ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል፣ አርሰኒክም ሊኖርበት ይችላል።

የፍሬውን ሴሎች አጣብቆ የሚይዛቸው ፔክቲን ነው፤ በግንብ ድንጋዮች መካከል እንዳለ ሲሚንቶ። ፍሬው ሲበስል የራሱ ኢንዛይሞች ፔክቲኑን እየበጣጠሱ ያሟሙታል። ቢላዋ ሲያርፍበት ደግሞ ከተጎዱት ሴሎች ኢንዛይም ስለሚፈስ ነገሩ ይፋጠናል። ካልሲየም በሁለት የፔክቲን ሰንሰለቶች መሃል ገብቶ ያያይዛቸዋል፤ ከተያያዙ በኋላ ኢንዛይሙ እንደ ልብ አይቆርጣቸውም። ማያያዝ የሚችለው ግን ገና ያልተበጣጠሰውን ብቻ ነው። ጨርሶ የበሰለ ፓፓያ ቢዘፈዘፍ ቢዘፈዘፍ ምሬት እንጂ ጥንካሬ አያገኝም። ልጣጩ ሦስት አራተኛ ያህል ቢጫ የሆነውን፣ ሲጫኑት የሚቋቋመውን ይምረጡ።

ቫይታሚን ሲ በውሃ ይሟሟል፤ 20 ደቂቃ ሲዘፈዘፍ ከተቆረጠው ፊት እየታጠበ ይሄዳል። ካሮቲኑ፣ ማለትም ፍሬውን ብርቱካናማ የሚያደርገው ቀለም፣ በውሃ ስለማይሟሟ ይቀራል። ለአጭር ጊዜ የተነከረ ፍሬ ግን ሴሉ ሳይፈርስ ስለሚቆይ፣ አብዛኛውን ጊዜ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቫይታሚን ሲውን የሚያጣው በዝግታ ነው።

ለ1 ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ በክሎራይዱ ምትክ 20 ግራም ካልሲየም ላክቴት የተባለውን ሌላ የካልሲየም ጨው ያድርጉ። ዋጋው ይወደዳል፣ ምሬቱ ግን እምብዛም ነው። በግራም የሚይዘው ካልሲየም ከክሎራይዱ ግማሽ ያህል ስለሆነ ነው መጠኑ የጨመረው። ክሎራይድ ከሆነ ከ10 ግራም አይለፍ። ልትነክሩ ስትሉ 5 ግራም አስኮርቢክ አሲድ (ቫይታሚን ሲ ማለት ነው) ጨምሩበት። ዕቃው ስቴንለስ ይሁን፤ ተራ ብረትና መዳብ ቫይታሚን ሲን ያበላሻሉ። በበረኪና ከታጠበ ደህና አድርጋችሁ አለቅልቁት፤ አሲድ ሲገናኘው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ለ1 ኪሎ ፍሬ 3 ሊትር፣ 2 ደቂቃ፣ በ5 ዲግሪ አካባቢ። ከዚያ ወንፊት ላይ አጠንፍፉት። ውሃው በየዙሩ ይቀየር።

ሶፍቱን አንሱት። ያቆረውን ውሃ ይደብቃል እንጂ አያቆመውም፣ ለባክቴሪያም መራቢያ ይሆናል። የደነዘ ቢላዋ አይቆርጥም፣ ይጨፈልቃል፤ ውሃው የሚመጣው ከተጨፈለቀው ሴል ነው። በየጠዋቱ ይሳል። ክዳኑ የማይገጥም ስስ ማሸጊያም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ላክቴቱንም ስትገዙ ስሙ ያልተጻፈበት፣ «ለምግብ» የማይል ነጭ ዱቄት በማንኪያ እየተሰፈረ ቢሸጥላችሁ አትቀበሉ።

ከአንዱ ፓፓያ ግማሹን ነክራችሁ፣ ግማሹን ሳትነክሩ አሽጋችሁ በሦስተኛው ቀን አወዳድሩ። ሁለቱም እኩል ከለሰለሱ ዱቄት አትጨምሩ፤ ያን ቀን የመጣው ፍሬ ስላለፈበት ነጋዴውን ጠንከር ያለ ጠይቁት።