በ2028 ማን ያሸንፋል ለምትሉኝ

ባለፈው ሰሞን አንድ የዘመድ ልጅ ደወለልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ የሠሩት የውጭ ዜና ላይ ነው። በ2028 አሜሪካ ላይ የሚያሸንፈው ሪፐብሊካን ነው ዴሞክራት?" ለምን እንደፈለገው ጠየቅኩት። ለካ ሊወራረድበት ነው! እኔ እንደዚህ ዓይነት ግምት አልሰጥም ብዬ ዘጋሁት። ስልኩን ካስቀመጥኩ በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን አንድ የጠፋ ደብተር አስታወሰኝ። ብዙዎቻችሁ ይህንኑ ስለምትጠይቁኝ የደብተሩን ነገር ልንገራችሁ። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው።

ዜና ክፍላችን ውስጥ አንድ አንጋፋ አርታኢ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጆሯቸው ላይ የተሰካ እርሳስ አይጠፋም። እስክሪብቶ አይወዱም፤ ሰውን ግትር ያደርጋል ባይ ናቸው። የውጭ ምርጫ በመጣ ቁጥር በአንዲት ጠባብ ደብተር ላይ ግምታቸውን ያሰፍራሉ። የአገሩ ስም፣ ያሸንፋል ያሉት ፓርቲ፣ ከጎኑ ደግሞ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆኑ የሚያሳይ ቁጥር፦ ከ10 6፣ ከ10 8። ውጤቱ ሲመጣ እዚያው መስመር ላይ ይጨምሩና ይዘጉታል። ሲሳካላቸው አይፎክሩ፣ ሲስቱ አያመካኙ።

የኖቬምበር 7 ቀን 2000 የአሜሪካ ምርጫ ሌሊት ተረኞች ነበርን። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሊሆን ሲል የአሜሪካ ቴሌቪዥኖች ፍሎሪዳን ለዴሞክራቱ ለአል ጎር ሰጡ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው ለግዛቶች በተከፋፈለ የመራጮች ጉባኤ ድምፅ ነው። ለማሸነፍ 270 ያስፈልጋል፤ ፍሎሪዳ ያኔ 25 ነበራት። እሷን ያገኘ ዋይት ሐውስን አገኘ ሲባል ነው የከረመው። አለቃችን ከቤቱ ደውሎ "በቃ፣ ጎር አሸነፉ ብላችሁ አዘጋጁት" አለ። ጋሼ ሰምተው ዝም አሉ። ከዚያ "ቆጠራው ቀጥሏል" የሚል ርዕስ ጻፉ። አለቃው እንደገና ደወለ፤ የተባባሉትን እዚህ አልደግመውም።

የጠዋቱ ዜና ሊነበብ ሲል፣ 12 ሰዓት ገደማ፣ ቴሌቪዥኖቹ ያሉትን ሳቡ። ፍሎሪዳ ገና አልታወቀችም አሉ። ረፋዱ ላይ፣ 4 ሰዓት ከሩብ ሲሆን፣ ደግሞ ሪፐብሊካኑ ቡሽ አሸነፉ ተባለ። ጎር ራሳቸው ለቡሽ ደውለው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ። ክፍሉ ታመሰ። አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ የጻፈውን ይቀድዳል፣ አንዱ ስቱዲዮ ይሮጣል። ጋሼ ሻያቸውን ይጠጣሉ። ብዙም ሳይቆይ ጎር መልሰው ደወሉና ሽንፈት መቀበላቸውን ተዉት። እኩለ ቀን ላይ ቴሌቪዥኖቹ ለሁለተኛ ጊዜ ቃላቸውን አጠፉ። ነገሩ የተቋጨው ዲሴምበር 12 ቀን፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ነው። ወደ 6 ሚሊዮን ሰው ድምፅ በሰጠባት ፍሎሪዳ ልዩነቱ 537 ድምፅ ነበር። ጎር በአገር አቀፍ ድምፅ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ በልጠው ተሸነፉ።

ያን ጠዋት ጋሼ ደብተሩን ገልጠው አሳዩኝ። "ቡሽ፣ ከ10 5" ይላል። ሳቄ አመለጠኝ። "ጋሼ፣ ይሄማ ግምት ነው እንዴ? አላውቅም ማለት ነው" አልኳቸው። "እንግዲህ አላውቅም ማለትም ይጻፋላ" አሉኝና ደብተሩን ኪሳቸው ከተቱት።

ጡረታ ወጡ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ስለ ደብተር መጠየቅ ነውር መሰለኝ። በኋላ ልጃቸውን ሳገኘው ቤት ሲቀይሩ ወረቀቱ ሁሉ እንደተጣለ ነገረኝ። ምኞቴ ከ10 7 ያሉባቸውን ምርጫዎች በሙሉ ለቅሜ ስንቱ እንደሰመረ መቁጠር ነበር። ከ10 ወደ 7 የሚጠጋው ሰምሮ ከሆነ ሰውየው ምን ያህል እንደሚያውቁ ያውቁ ነበር ማለት ነው። ሁሉም ሰምሮ ከሆነ ደግሞ ፈሪ ነበሩ፤ ከሚያውቁት አሳንሰው ይጽፉ ነበር። አንድ ምርጫ ብቻውን ይህን አያሳይም። ብዙ ዓመት የተሞላ ደብተር ያሳያል፤ እሱም የለም።

በ2016 ትራምፕ ሳይታሰብ አሸንፈው ሁሉም ሰው ትንበያ ውሸት ነው ሲል ያ ደብተር ነበር ትዝ ያለኝ። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት ይባል የነበረው የምርጫ ትንበያ ድረ ገጽ (ስሙን የወሰደው ከ538ቱ የመራጮች ጉባኤ ድምፆች ነው) ለትራምፕ 29 በመቶ ገደማ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ኳስ ታያላችሁ አይደል? ሪጎሬ ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ይሳታል። ሲሳት ተአምር ተፈጠረ ትላላችሁ? 29 በመቶ ከዚያም ይበልጣል። ለሂላሪ ክሊንተን 98 እና 99 በመቶ የሰጡትን መውቀስ ግን ይቻላል። እነሱ የዊስኮንሲን፣ የሚሺጋንና የፔንሲልቬንያ የሕዝብ አስተያየት ጥናቶች ቢሳሳቱ እንኳ አንዱ ወደዚህ፣ ሌላው ወደዚያ የሚስቱ መሰላቸው። የሦስቱ ግዛቶች መራጭ ግን ይመሳሰላል። ብዙዎቹ የግዛት ጥናቶች ኮሌጅ ላልጨረሱ መራጮች በብዛታቸው ልክ ክብደት አልሰጡም፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ሳቱ። ትራምፕ ሦስቱን ግዛቶች የወሰዱበት ልዩነት ተደምሮ 78 ሺህ ድምፅ አይሞላም።

የዛሬ ወጣት ግምቱን አይጽፍም። ቲክቶክ ላይ ይጮሃል፤ ከሳተ ቪዲዮውን ያጠፋል፤ ከሰመረለት "አላልኳችሁም?" ይላል። እርግጥ እኛም ቡና ላይ እንደዚያው ነበርን። የኛን የሚቀዳ ስላልነበረ ነው የተረፍነው።

የገነነ ስም ላይም አትንጠልጠሉ። አን ሴልዘር አይዋ በተባለው ግዛት የሕዝብ አስተያየት ሲያጠኑ ሌሎች ያላዩትን በማየት ለዓመታት የተከበሩ ባለሙያ ናቸው። በ2024 የመጨረሻው ጥናታቸው ካማላ ሃሪስ በ3 ነጥብ ይመራሉ አለ። ትራምፕ ግዛቱን በ13 ነጥብ ገደማ ወሰዱት። በነገራችን ላይ ለእኔ ሴትዮዋ አሁንም ትልቅ ናቸው። ቁጥራቸው ከሌላው ሁሉ ተነጥሎ መቆሙን እያዩ አልደበቁትም።

አልገምትም ያልኩት ልጅ ይህን ካነበበ ሊስቅብኝ ነው። እኔም ደብተር አለኛ! ከ1952 ወዲህ ሥልጣን ላይ ያለው ፕሬዚዳንት በዕጩነት ያልቀረበባቸው ምርጫዎች የ1952፣ 1960፣ 1968፣ 1988፣ 2000፣ 2008፣ 2016 እና 2024 ናቸው። ከስምንቱ ዋይት ሐውስን ይዞ የነበረው ፓርቲ ያሸነፈው አንዴ ብቻ ነው፤ በ1988፣ በአባትየው ቡሽ። ትራምፕ ደግሞ በሕገ መንግሥቱ 22ኛ ማሻሻያ መሠረት በ2028 ዳግም ሊመረጡ አይችሉም። ስለዚህ የጻፍኩት "ዴሞክራት፣ ከ10 6" ነው። ለምን 8 አላልክም የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ስምንት ምርጫ ጥቂት ነው፤ የ1960፣ የ1968 እና የ2000 ምርጫዎች ደግሞ ለጥቂት የተለዩ ነበሩ።

የ2026ቱን የምክር ቤት ምርጫ ውጤት ይዛችሁ እንዳትመጡብኝ። በ1982፣ በ1994 እና በ2010 የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ ብዙ መቀመጫ አጥቷል። ሬገን፣ ቢል ክሊንተንና ኦባማ ከሁለት ሁለት ዓመት በኋላ መልሰው ተመረጡ። እርግጥ እነሱ ራሳቸው ዕጩ ነበሩ፤ በ2028 እንደዚያ አይደለም።

ዕጩዎቹ ሲታወቁ ቁጥሬን ልቀይረው እችላለሁ። ከቀየርኩ አሮጌውን አልፍቀውም፤ አዲሱን ከነቀኑ ከሥሩ እጽፋለሁ። የግዛት ጥናቶችን መከታተል የምጀምረው በ2028 ሴፕቴምበር ነው። መጀመሪያ የማየው ፔንሲልቬንያን፣ ሚሺጋንንና ዊስኮንሲንን ነው። ከ1992 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ምርጫ ሦስቱ ተለያይተው አያውቁም።