አምስት ቀን ሥራ፣ አራት ቀን ዕረፍት

ጥያቄ፦ ልጄ የበረራ ትምህርቱን ጨርሶ በአየርላንዱ አየር መንገድ በራያንኤር በረዳት አብራሪነት ሊቀጠር ነው። «አምስት ቀን ሠርቼ አራት ቀን አርፋለሁ» ይለኛል። ይህን ያህል ዕረፍት ያለው ሥራ አለ? (እናት፣ ከደብሊን)

መልስ፦ ክብርት እናት፣ ልጅዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሆኖም አምስቱ ቀናት ከባድ ናቸው። በቀን አራት በረራ የተለመደ ሲሆን፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እንዲቆይ የሚታቀደው 25 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያች ጊዜ መንገደኛ ወርዶ ሌላው ሲሳፈር፣ ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ጎማውንና ሞተሩን ዞሮ ያያል፣ ሌላው የቀጣዩን በረራ መረጃ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስገባል። የማለዳ ተረኛ ሲሆን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ መነሣት ሊኖርበት ስለሚችል፣ ከዕረፍቱ የመጀመሪያው ቀን በእንቅልፍ ቢያልፍ አይደነቁ።

የአውሮፓ ሕግ በ28 ተከታታይ ቀናት ከ100፣ በዓመት ከ900 የበረራ ሰዓት በላይ መብረርን ይከለክላል፤ ከመኖሪያ ጣቢያው፣ ማለትም በቋሚነት ከተመደበበት አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለሚነሣ አብራሪም ከሥራ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ያዛል። የደከመው አብራሪ መብረር ስለሌለበት፣ ልጅዎ አዲስ ነኝ ብሎ ድካሙን እንዳይደብቅ አደራ ይበሉት።

ከመፈረሙ በፊት የሚያበርረውን አውሮፕላን፣ የቦይንግ 737ን፣ ሥልጠና ወጪ ማን እንደሚሸፍን፣ በተጠባባቂነት ለሚውልባቸው ቀናት ምን እንደሚከፈለውና በየትኛው ከተማ እንደሚመደብ በጽሑፍ ይጠይቅ። ምደባው ከደብሊን ውጭ ከሆነ፣ ቤቱን ከዚያው አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ቢከራይ ይሻለዋል።