ማግኔት ኬሞን ወደ ዕጢ ይጎትታል? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ካንሰርና ስለ ናኖ ቅንጣት፣ ማለትም በዓይን ስለማይታይ ደቃቅ ብናኝ፣ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ሐሳቡ ኬሞን፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒትን፣ የብረት ናኖ ቅንጣት ላይ ጭኖ ደም ሥር ውስጥ መስጠትና በማግኔት ወደ ዕጢው መሳብ ነው። ደብረ ብርሃን የምኖር ፋርማሲስት ነኝ። የምችለውን ልመልስ።

«ብረት ደም ሥር ውስጥ ገብቶ አይዘጋም ወይ?» (ከደብረ ሲና)

ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ከ100 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) በታች ናቸው። ቀይ የደም ሴል 7 ሺህ ናኖሜትር ገደማ ነው። እንዳይጣበቁም በዴክስትራን፣ ማለትም በስኳር ዘር፣ ይለበጣሉ። ፌሩሞክሲቶል የሚባለው የብረት ኦክሳይድ መድኃኒት እኮ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ለኩላሊት ታማሚዎች ደም ማነስ ይሰጣል።

«እናቴ ኬሞ ጀምራ ፀጉሯ አለቀ። ይሄ ያስቀረው ነበር?» (ከመንዝ)

አይዞሽ እህቴ። ሐሳቡስ እሱ ነበር። ኬሞ ቶሎ ቶሎ የሚባዛን ሴል ሁሉ ይመታል፤ የፀጉር ሥርም አይቀርለት። መድኃኒቱን ቅንጣቱ ላይ ጭኖ፣ ከውጭ በማግኔት ዕጢው ጋ ማቆየት ነው ዓላማው። እ.ኤ.አ. በ1996 ጀርመን ውስጥ ኤፒሩቢሲን የሚባለው የኬሞ መድኃኒት በ14 ታማሚዎች ላይ እንዲህ ተሞክሯል። የተለመደ ሕክምና ግን እስካሁን አልሆነም። እናትሽ የጀመሩትን እንዳያቋርጡ አደራ።

«ታዲያ ምን ያዘው?»

ርቀት! ቤታችሁ ሞክሩት። ከብየዳ ቤት የብረት ብናኝ፣ ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አምጡ። ብናኙን ወረቀት ላይ ነስንሳችሁ ማግኔቱን ከሥር ስታስጠጉ እንደ ጃርት እሾህ ቀጥ ይላል። በወረቀቱ ፋንታ አራት ጊዜ የታጠፈ ባና አድርጉ። ንቅንቅ የለም። ልጄ «ማግኔቱ ሞተ» አለኝ። አልሞተም፤ ጉልበቱ ከርቀት ጋር ቶሎ ስለሚከዳው ነው። ቆዳ ሥር ያለ ዕጢ ይደረስበት ይሆናል፤ ቆሽት ግን ጥልቅ ነው። ደሙም እየሮጠ ቅንጣቱን ይዞት ይሄዳል። ከዚያ ጉበትና ጣፊያ እንደ ባዕድ ቆጥረው ይለቅሙታል። ለእኔ ከማግኔቱ ይልቅ ይሄኛው ነው የሚያስቸግረው።

«በሙቀት የሚገድለውስ?»

እሱ ሌላ ነው። ቅንጣቱ ዕጢው ውስጥ በቀጥታ ይወጋል፤ ተለዋዋጭ የማግኔት መስክ ያግለዋል። አውሮፓ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ለአንጎል ዕጢ ተፈቅዷል።

«ካንሰር ያድናል የተባለ የማግኔት አምባር ገዛሁ።»

ብሩ ሄዷል ወንድሜ። ደም ውስጥ ያለው ብረት በአምባር አይጎተትም።

«እኛ ጋ ይገኛል?»

የለም። አዲስ አበባም የለም፤ ለዚህ ብላችሁ 130 ኪሎ ሜትሩን እንዳትለፉበት።