የብራዚል ሥጋ ቤት ልትገቡ ነው? ጥያቄና መልስ

ዳላስ ውስጥ በአንድ የብራዚል ሥጋ ቤት ስድስት ዓመት ቆራጭ ሆኜ ሠርቻለሁ። ምርቃትና ልደት ሲሆን ወደዚያ የሚሄድ ሐበሻ ብዙ ስለሆነ፣ የከበዳችሁን ጠይቁኝ።

ጥ፦ ወንድሜ፣ ቅዳሜ የእህቴ ምርቃት ነው። አሠራሩ እንዴት ነው?

መ፦ እንኳን ደስ አላችሁ! አበላሉ ሮዲዚዮ ይባላል። ለሰው አንድ ዋጋ ትከፍላላችሁ፤ መጠጥና ጣፋጭ ለብቻው ነው። ጠረጴዛው ላይ ክብ ካርቶን አለ። አረንጓዴውን ካሳያችሁ ቆራጮቹ ብረት ላይ የተሰካ ሥጋ ይዘው ይመጣሉ፣ ቀዩን ካሳያችሁ ያልፏችኋል። ቆራጩ ቢላውን ሲያሳርፍ የሥጋውን ጫፍ በመቆንጠጫው ያዙለት።

ጥ፦ እኔ ቶሎ እጠግባለሁ። ብሬ እንዳይባክን ምን ልብላ?

መ፦ እህቴ፣ ፒካኛን ጠብቂ። ከዳሌው ጫፍ የሚወጣ፣ አንድ ጎኑን ጮማ የሸፈነው ሥጋ ነው። እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፎ ብረት ላይ ይሰካል፤ ቅመሙ ደረቅ ጨው ብቻ ነው። ጮማው እሳቱ ላይ እየቀለጠ ሥጋውን ያርሰዋል። ላዩ ተቆርጦ ሲያልቅ ጨው ተነስንሶበት ወደ እሳት ይመለሳል፤ ስለዚህ ጠርዙ ሁልጊዜ አዲስ የተጠበሰ ነው። የበሰለ ከወደድሽ ጠርዙን፣ ቀላ ያለ ከወደድሽ ውስጡን ቁረጥልኝ በዪው። እኛ ቤት ቀድመው የሚወጡት ቋሊማና ዶሮ ነበሩ፤ ብዙው ሰው በእነሱና በትኩሱ የካሳቫ አይብ ዳቦ ይጠግብና ፒካኛው ሲመጣ እጁን ያነሳል። ያሳዝነኝ ነበር። ካልመጣልሽ ጠይቂ፣ ነውር የለውም።

ጥ፦ ሻኛ አላቸው?

መ፦ ብራዚል ውስጥ አለ፣ ኩፒም ይሉታል። ከብቶቻቸው በአብዛኛው እንደኛው ሻኛ ያላቸው ናቸው። እኛ በጥሬው የምንወደውን እነሱ ለሰዓታት በዝግታ ያበስሉታል። የአሜሪካ ከብት ግን ባብዛኛው ሻኛ ስለሌለው እዚህ በየቤቱ አታገኘውም።

ጥ፦ የአሳማ ሥጋስ?

መ፦ አለ፤ ያውም ተሸፍኖ። ዶሮውንና የበሬ ሥጋውን በቤከን ይጠቀልሉታል። ገና ስትቀመጡ ለአስተናጋጁ ንገሩት። ቢላውና እሳቱ ግን አንድ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሚከብደው ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

ጥ፦ ዓርብ ነው የተጋበዝነው፣ ጾም ነን።

መ፦ ለሰላጣው ብቻ የሚከፈል ዝቅ ያለ ዋጋ ብዙ ቤት አለ። ጥቁሩን ቦሎቄ ሳትጠይቁ አትቅዱ፣ ሥጋ ገብቶበት ሊሆን ይችላል።

ጥ፦ ይህ ነገር ከየት መጣ?

መ፦ ከደቡብ ብራዚል፣ ከሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ከብት ጠባቂዎች፣ ከጋውሾዎቹ። መሬት ላይ እሳት አንድደው ሥጋውን በእንጨት ሰክተው ይጠብሱ ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ፖርቶ አሌግሬ ላይ የተጀመረው ፎጎ ዴ ሻኦ የተባለው ሥጋ ቤት ስሙ «የመሬት እሳት» ማለት ነው፤ አሜሪካ የገባው በ1997 እዚሁ ዳላስ አጠገብ፣ አዲሰን ላይ ነው።

ጥ፦ የተረፈውን ይዘን እንወጣለን?

መ፦ አይቻልም። ቀጭን ቀጭን አስቆርጡ፤ ብረቱ ተመልሶ ይመጣል።