ጅሬን ሳትወጪ ሪፖርቱን አትጀምሪ

እህቴ፣ «ለክፍል ሪፖርት የአካባቢውን ባህል የሚያሳዩ የጅማ ሰፈሮች የትኞቹ ናቸው?» ላልሽው፣ እኔ ብሆን ከጅሬን እጀምራለሁ። ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ዳገት ስለሆነ በባጃጅ ውጪ፣ በእግርሽ ውረጂ።

ኮረብታው ላይ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ፎቶ አንስተሽ ብቻ እንዳትመለሺ! የእንጨት ሥራውን ረጋ ብለሽ እዪ። አጠገቡ መስጊድ ስላለ አለባበስሽን አስቢበት።

ከዚያ ሂርማታ። ከተማዋ ያደገችው በዚህ የድሮ ገበያ ዙሪያ ነው። ንጉሡ ላይ ጅሬን፣ ነጋዴው ታች ሂርማታ፤ ለሪፖርትሽ ጥሩ መነሻ ይመስለኛል። ገበያ ውስጥ ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ፈልጊ። ሻጩን ስለ እንጨቱና ስለ አሠራሩ ጠይቂው። ሥራ ካልበዛበት ያጫውትሻል፤ ከበዛበት ደግሞ ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ። ቡናማ ጅማ ላይ አይጠፋም።

የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎችም መሃል ከተማ አሉ፤ ለሪፖርቱ አንድ አንቀጽ ይበቃቸዋል። ጊዜ ከተረፈሽ ሙዚየሙን እዪው፣ የአባ ጅፋር ዕቃዎች እዚያ አሉ።