ላንድሮቨር ሲሪስ 3 ወይስ ላንድክሩዘር 40? ከሥር ጀምረህ እይ

«ሁለቱም ሞተራቸው ይነሳል፣ አድሼ ለመንዳት የትኛው ይሻለኛል?» ብለሃል። ሞተር መነሳቱ ለምርጫ ብዙም አይረዳህም። ሞተር ይፈታል፣ ይለካል፣ ዕቃው ይቀየራል። ዝገት ግን ስፋቱ የሚታወቀው ቆርጠህ ከገባህ በኋላ ነው። ስለዚህ ትንሽ መዶሻ፣ ካቻቢቴና ማግኔት ይዘህ ከመኪናው ሥር ግባ።

የላንድሮቨሩ ቦዲ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ ያታልላል፤ ላዩ ደህና ሆኖ ሥሩ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ሻንሲው (ቦዲውንና ሞተሩን የሚሸከመው የሥር አጽም) ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው፤ ጭቃና ውሃ ውስጡ ተቀምጦ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል። የመጨረሻውን የኋላ ተሻጋሪ ብረት፣ ባሌስትራ የሚታሰርባቸውን ቦታዎችና ወደ ጎን ወጥተው ቦዲውን የሚሸከሙትን ክንዶች አንኳኳ። ጤነኛ ብረት ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ የተበላው ድምፁ ይታፈናል። እዚያ ላይ ካቻቢቴውን ጫን በል፣ ከገባ ብረቱ በስብሷል ማለት ነው። አዲስ የተቀባ ወፍራም ጥቁር ቅብ ካየህ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠር። ቀጥሎ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለውን ግድግዳ እይ፤ እሱም ብረት ነው። እግር የሚያርፍበትና የበሩ ማጠፊያ የሚታሰርበት ከበሰበሰ በሮቹ ልክ አይገጥሙም።

ላንድክሩዘሩ ቦዲውም ብረት ነው። የኋላ ማዕዘኖቹን፣ ከኋላ ጎማ በላይ ያለውን ላሜራ፣ ወለሉንና የጣሪያውን የውሃ መውረጃ ጠርዝ በማግኔት ዳስስ፤ የማይይዝበት ቦታ ላይ ስቱኮ ተሞልቷል ማለት ነው። (ላንድሮቨሩ አሉሚኒየም ላይ ይህን አትሞክር፣ የትም አይይዝም።)

የቤንዚን ሞተር ከሆነ ካሞቅከው በኋላ ካንዴላዎቹን በሙሉ አውጣ፣ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻ ረግጠህ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (ፒስተኑ አየሩን ሲጨምቅ የሚፈጥረውን ግፊት) ለካ። ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሩብ ያህል ካነሰ በዝቅተኛው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገም። ከጨመረ ችግሩ የፒስተን ቀለበት ነው፤ ካልጨመረ ቫልቭ። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታ ጓርኒሲዮኑን (በሞተሩ ክዳንና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ማሸጊያ) ጠርጥር። ስትነዳው ደግሞ በ2ኛና በ3ኛ ማርሽ የነዳጅ ፔዳሉን ድንገት ልቀቅ፤ ማርሹ ካመለጠ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ይፈታል።

የፊት አክስል ጫፍ ላይ፣ ጎማው የሚዞርበት ቦታ፣ ሁለቱም ክብ ኳስ አላቸው። ላንድሮቨሩ ላይ የኳሱ ክሮም ከተቦረቦረ አዲስ ፓራኦሊዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው የጎማ ቀለበት) ብትገጥም እንኳ ቶሎ ይበላዋል። ላንድክሩዘሩ ላይ የውስጡ ፓራኦሊዮ ሲያልቅ የዲፈረንሲያል ዘይት ከግሪሱ ጋር ይቀላቀልና እንደ ሾርባ ቀጥኖ ይንጠባጠባል፤ ፍሬኑ ላይ ከደረሰ ፍሬኑም ይበላሻል።

የእኔ ምርጫ፦ ብየዳ ካልቻልክ በሞተሩና በጋቢናው መካከል ያለው ግድግዳ ደህና የሆነውን ላንድሮቨር ውሰድ፣ ሻንሲው ደካማ ቢሆንም። ቦዲው በብሎን ይፈታል፣ ጋልቫናይዝድ የሆነ (እንዳይዝግ ዚንክ የተለበጠ) አዲስ ሻንሲም ይሠራለታል። በላሜራ ሥራ የምትተማመን ከሆነ ላንድክሩዘሩ። በሁለቱም ላይ ግን የተበተነ ሳይሆን ሙሉ መኪና ግዛ፤ የመስታወት ፍሬም፣ የዳሽቦርድ ጌጅና የበር እጀታ አንድ በአንድ መፈለግ ሞተር ከማደስ ይልቅ ጊዜ ይፈጃል። ሻንሲው ላይ የተመታውን ቁጥርም ምንም ነገር ሳትፈታ ከወረቀቱ ጋር አመሳክር።